ገመዱን የያዘው ማን ነው?

ባለፈው ዕትም «ሰው ትናንት ለራሱ ባወጣው ሕግ ዛሬ ይገደዳልን?» ብሎ የጠየቀው ወንድማችን መልሱን «አይገደድም» ሲል ደምድሞት ነበር። ክርክሩ አጭርና ጠንካራ ነው። የትናንቱ ሰው የዛሬውን ነገር አላየም፤ ያላየ ሰው ደግሞ ባየው ላይ ሊፈርድ አይገባውም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰዓት ዳኛው በዚያው ሰዓት ያለው አእምሮ ብቻ ነው ይላል። በውሃ ወረፋ ላይ ሳይቀር ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ፤ የሚበዛው ሰው ከእርሱ ጋር ነበር። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ከእርሱ ጋር ነበርሁ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። በውሃ የተሞሉ ዋሻዎች ውስጥ ጠልቀው ስለሚገቡ ሰዎች ያነበብሁት ነገር ነው። ጉዳዩ ከኑሮአችን የራቀ ነው፤ መራቁን አልክድም። ውሃ በጀሪካን ተለክቶ በሚቀዳበት ቦታ ተቀምጦ ስለ 100 ሜትር ጥልቅ ውሃ መጻፍ ሊያስቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ በእነዚያ ሰዎች ዘንድ የሞትና የሕይወት ነገር ነውና እስቲ አብረን እንውረድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው የዌብ ወንዝ በዋሻው ሆድ ገብቶ በሌላ በኩል እንደሚወጣ ያውቃል። ያን ዋሻ እስከ ጣሪያው ድረስ ውሃ ሞልቶት አስቡት። በፍሎሪዳ፣ በሜክሲኮ፣ በፈረንሳይና በደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያሉ ዋሻዎች አሉ። ጠላቂው በጠርሙስ የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ፣ መብራት ይዞ፣ ከዋሻው አፍ ጀምሮ ቀጭን ገመድ እየዘረጋ ይገባል። ገመዱ መመለሻ መንገዱ ነው። የዋሻው ወለል ብዙ ጊዜ እንደ ዱቄት የላመ ደለል ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ በእግሩ ካነሣሣው መብራቱ ከንቱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ገመዱን በእጁ እየዳበሰ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ናይትሮጅን በመሬት ላይ ምንም አያደርገንም፤ ይገባል፣ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ ጥልቀት መሬት ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ግፊት ይጨመራል። 30 ሜትር የወረደ ሰው የሚተነፍሰው አየር እኛ ከምንተነፍሰው አራት እጥፍ የታመቀ ነው ማለት ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተከድኖ ሳለ ጋዙ እንደማይታይ ሁሉ፣ በግፊት የገባው ናይትሮጅንም በደሙና በነርቩ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። ተቀምጦም ዝም አይልም፤ ያሰክራል። እንዲህ ያለው ስካር ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ተጠያቂው ናይትሮጅን መሆኑን ግን በ1935 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው አልበርት ቤንኪና ባልደረቦቹ ናቸው የጻፉት። አሠራሩ ሐኪም ለቀዶ ጥገና ከሚሰጠው የማደንዘዣ ጋዝ ጋር ይቀራረባል ይባላል፤ ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ፈረንሳዮች «የጥልቀት ስካር» ይሉታል። ጠላቂዎች ደግሞ በየ10 ወይም በየ15 ሜትሩ በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ ጠንካራ መጠጥ እንደ መጠጣት ነው ብለው ይቀልዳሉ። 30 ሜትር አካባቢ ይጀምራል፤ 60 ሜትር ላይ ቀልድ አይደለም፤ ከዚያ በታች በተራ አየር የወረደ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት አይነካም። አንዱን ደስ ደስ ያሰኘዋል፤ ሌላውን፣ በተለይ በጨለማና በብርድ ውስጥ፣ ፍርሃት ይለቅበታል። ድካም ያብሰዋል፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስም ያብሰዋል፤ ምክንያቱም በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ከናይትሮጅን የበለጠ አደንዛዥ ነው።

በሰፊ ባሕር ውስጥ ላለ ሰው መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ላይ ከፍ ሲል አእምሮው ይመለስለታል፤ በማግሥቱም ራስ ምታት የለውም። በዋሻ ውስጥ ግን በላዩ ያለው ድንጋይ ነው። ከፍ ለማለት መጀመሪያ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ አንዳንድ ዋሻ ደግሞ ለመውጣት እንደገና ወደ ታች መውረድን ይጠይቃል። በዚህ ላይ የሟሟው ጋዝ በደሙ ውስጥ እንደ ተከፈተ አምቦ ውሃ እንዳይፈላበት፣ በየደረጃው እየቆመ ቀስ ብሎ መውጣት ግዴታው ነው። ገመድ መከተል፣ አየር መቁጠር፣ ሰዓት ማስላት፣ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚቆም ማስታወስ፤ ይህ ሁሉ አእምሮ የሚፈልግ ሥራ ነው። አእምሮው ደግሞ የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን አእምሮው የሌለ መሆኑን የሚነግረው አእምሮ የሌለ መሆኑ ነው። ሰካራምን «ሰክረሃል» ብትሉት ምን እንደሚል የታወቀ ነው። ጠላቂውም የአየር መለኪያውን ያያል፤ ቀስቱ ያለበትን ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ «ተመለስ» እንደሚለው ግን አይገባውም። አንዲት ትንሽ ሥራ ይዞ፣ ቋጠሮ ሲፈታ ወይም ዕቃ ሲያስተካክል፣ ዓለሙ ሁሉ እርሷ ትሆንበታለች። ከወጣ በኋላም እታች ያደረገውን የማያስታውስበት ጊዜ አለ። የማይታወስ ስሕተት ደግሞ እንዴት ያስተምራል? በዚህ ላይ ደጋግሞ የሚወርድ ሰው ስካሩን እየለመደው ይሄዳል፤ «እኔ ደኅና ነኝ» ይላል፤ ሲፈተን ግን እጁም አእምሮው እንደ ጀማሪው ቀርፋፋ ሆኖ ይገኛል። የተሻለው ስሜቱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ይህን ሳነብ ብዙ ልምድ አለኝ የሚሉ ሰዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ወንድማችን በጽሑፉ ዘርዐ ያዕቆብን ጠቅሶ ነበር። ፈላስፋው ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀምጦ፣ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠው የልቦና ብርሃን እውነቱንና ሐሰቱን እንደሚለይለት አገኘ። ሐተታው የ17ኛው መቶ ዓመት ነው ወይስ ኋላ የተጻፈ በሚለው ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ፤ ሐሳቡን ግን እወደዋለሁ፤ የተሰደደ ሰው ሁሉን ሲነጠቅ የማይነጠቀው ነገር አለ ይለዋልና። ነገር ግን የዘርዐ ያዕቆብ ዋሻ ደረቅ ነበር፤ የሚተነፍሰውም የመሬት አየር ነው። መብራቱ ራሱ በሚተነፍሱት አየር ሲደበዝዝስ? ለዓይን ጨለማውን እንዳይለይ የሚያደርግ ጨለማ ቢኖርስ? ልቦና ብርሃን መሆኑን ሳልክድ፣ ልቦና ሥጋ ውስጥ የተቀመጠ መሆኑን መርሳት አይገባም እላለሁ። ረኀብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን ይነኩታል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ናይትሮጅንም ይነካዋል።

የዋሻ ጠላቂዎች ይህን የተማሩት በሬሳ ነው። ሼክ ኤክስሊ የሚባል በፍሎሪዳ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው፣ በዋሻ የሞቱትን ሰዎች ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ በ1979 ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎቹ በብዛት የሞቱት ሦስት ነገሮችን በመተላለፍ ነው፦ እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ያልተቋረጠ ገመድ አልዘረጉም፤ ለመመለሻ የሚበቃ አየር አላስቀሩም፤ ከተወሰነው ጥልቀት አልፈው ወረዱ። ስለ አየሩ ያለው ሕግ «ሢሦ» ይባላል። ከያዝኸው አየር አንድ ሢሦ ለመግቢያ፣ አንድ ሢሦ ለመውጫ፤ ሦስተኛው ሢሦ ያንተ አይደለም። የጓደኛህ አየር ቢያልቅ ከአንተ ጠርሙስ እየተነፈሰ የሚወጣበት ነው። የመጀመሪያው ሢሦ ባለቀ ሰዓት፣ ከፊትህ የቱንም ያህል የሚያምር አዳራሽ ቢኖር፣ ትዞራለህ። ይህ ስሌት የሚሠራው እታች አይደለም። ደረቅ መሬት ላይ፣ በፀሐይ፣ በእርሳስ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ የለም?

እንግዲህ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ መሬት ላይ ሆኖ «ቀስቱ እዚህ ሲደርስ እመለሳለሁ» ያለ ነው። ሌላው 60 ሜትር ታች ሆኖ «ጥቂት ብቀጥል ምን አለበት?» የሚል ነው። የወንድማችን ክርክር ለሁለተኛው ይፈርድለታል፤ ምክንያቱም አዳራሹን በዓይኑ ያየው እርሱ ነው። እውነት ነው፤ አይቷል። ነገር ግን ማየት ብቻውን ዳኛ አያደርግም፤ ያዩትን የሚመዝኑበት ሚዛን ያስፈልጋል፤ ሚዛኑም ያለው ከመሬቱ ሰው ዘንድ ነው። አንዱ ሚዛን ኖሮት ዕቃው የለውም፤ ሌላው ዕቃው ኖሮት ሚዛን የለውም።

ጥፋቱስ የማን ነው? አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ ሰካራም ሲናገር፣ ያጠፋው ሳያውቅ ነው፤ ነገር ግን ላለመስከር ሥልጣን ነበረው ይላል። የሚቲሌኔ ገዢ የነበረው ፒታኩስም ሰክሮ ለበደለ ሰው ቅጣቱ እጥፍ ይሁን ብሎ ሕግ አውጥቶ ነበር። እጥፉ ይበዛ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ልክ ነው። ጠላቂው 60 ሜትር ላይ ባደረገው ነገር ልንወቅሰው አንችልም፤ እዚያ የነበረው ሰው ግማሹ ነውና። የምንጠይቀው 20 ሜትር ላይ የነበረውን፣ ገና ጤነኛ ሳለ ወደ ታች የቀጠለውን ነው። ከዚያም በላይ፣ ትናንት ማታ ገመዱን ሳይቆጥር የተኛውን።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ እኔም ለብዙ ቀን መልስ አላገኘሁለትም። የመሬቱ ሰው ሁሉን አስቀድሞ ሊያስብ አይችልም። በደቡብ አፍሪካ ቡሽማንስ ሆል የሚባል ጥልቅ የውሃ ዋሻ አለ። ዴቭ ሾው የሚባል የአውሮፕላን አብራሪ በ2004፣ 270 ሜትር ላይ ወለሉን ሲደርስ፣ ከአሥር ዓመት በፊት እዚያ የሞተ የአንድ ወጣት አስከሬን አገኘ። ወላጆቹ ልጃቸውን አልቀበሩም ነበር። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያልተቀበረ ዘመድ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለማንም አይተረክም። ሾው አስከሬኑን ለማውጣት ከጓደኞቹ ጋር ብዙ ተዘጋጅቶ በጥር 2005 ተመልሶ ወረደ። በናይትሮጅን ፋንታ ብዙውን ሂሊየም የሆነ ቅልቅል ነበር የሚተነፍሰው፤ ሂሊየም እንደ ናይትሮጅን አያሰክርምና፤ በ1939 አሜሪካኖች የሰጠመችውን «ስኳለስ» የተባለች የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሲያወጡም በእርሱ ተጠቅመዋል። ነገር ግን ሾው እታች ሲደርስ አስከሬኑ እንደታሰበው አልሆነም። በወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቆያል የተባለው አካል ተላቆ ይንሳፈፍ ጀመር። ሾው ሊይዘው ታገለ፤ በታገለ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ተነፈሰ፤ በዚያ ጥልቀት የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አደነዘዘው፤ የመብራቱ ገመድም ተጠላለፈበት። በራሱ ላይ የነበረችው ካሜራ ትንፋሹን እስከ መጨረሻው ቀዳችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተዘረጋው ገመድ ሲሳብ የሁለቱም አስከሬን ወጣ። ወላጆቹ ልጃቸውን ቀበሩ።

ይህን ሰው ሞኝ የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ያወረደው ፍቅር ነው፤ በዕቅዱም ያልተጻፈ ነገር ገጠመው። ታዲያ አዲስ ነገር ሲገጥም አዲስ ሐሳብ ሊያስፈልግ ነው፤ የትናንቱ ሕግ ዝም ይላል፤ ወንድማችን ትክክል ሊሆን ነው። ብዙ ካሰብሁ በኋላ መልሱን ያገኘሁት ከራሳቸው ከዋሻ ጠላቂዎች ልማድ ነው። እንዲህ የሚል ሕግ አላቸው፦ ማንኛውም ጠላቂ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ምክንያት «እንመለስ» ሊል ይችላል፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም፤ አይወቀስም። «እንቀጥል» ለማለት ግን እንዲህ ያለ መብት የለም። እንግዲህ የሰው ሐሳብ እታችም ሊለወጥ ይፈቀድለታል ማለት ነው፤ ወደ መውጫው ከሆነ። ወደ ጥልቁ ከሆነ ግን አይፈቀድለትም፤ መጀመሪያ ይውጣ፣ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ሻይ ይጠጣ፣ ያን ጊዜ እንደገና ያስብበት። ያልታሰበ ነገር ሲገጥም ደግሞ ያልታሰበ መሆኑ ራሱ የመመለሻ ምልክት ነው።

ይህ ልማድ የወንድማችንን ጥያቄ ለሁለት ይከፍለዋል። ሰው ለትናንቱ ራሱ ባሪያ ነውን? አይደለም፤ በማንኛውም ሰዓት ሊተወው ይችላል። ነገር ግን የትናንቱ ራሱ የዘጋበትን በር ለመክፈት፣ በሩን በዘጋበት ጊዜ የነበረውን ያህል አእምሮ ይዞ መቅረብ አለበት።

አሁን ስለ ገመዱ። በ1946 ዣክ ኢቭ ኩስቶና ጓደኛው ፍሬደሪክ ዱማ በደቡብ ፈረንሳይ ቮክሉዝ ወደሚባለው ምንጭ ገቡ። ምንጩ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ሲሆን በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ በኃይል ይገነፍላል፤ ምክንያቱን ማንም አያውቅም ነበር። ጥልቀቱንም እንዲሁ፤ ወለሉ 308 ሜትር ላይ የተገኘው በ1985 በመሣሪያ ነው። ሁለቱ ሰዎች ክብደት በታሰረበት ገመድ እየተመሩ ወረዱ፤ ላይ ሆኖ ገመዱን የያዘው ሞሪስ ፋርግ የሚባል ባልደረባቸው ነበር። በጉተታ የሚነጋገሩበት ምልክት ነበራቸው፤ ስንት ጊዜ ቢጎተት «ገመድ ጨምር»፣ ስንት ጊዜ ቢጎተት «አውጣን» ማለት እንደሆነ ተስማምተዋል። 46 ሜትር ያህል ሲደርሱ የሁለቱም አእምሮ ተያዘ። ዱማ ራሱን ወደ መሳት ደረሰ፤ ኩስቶ ምልክቱን ለማስታወስ ተቸገረ፤ በገመዱ ተንጠላጥሎ ሊወጣ ሲሞክር፣ ላይ ያለው ፋርግ ጉተታውን «ገመድ ጨምር» ማለት መስሎት ለቀቀለት። በወጣ ቁጥር ገመዱ ይረዝምበታል። ከዚህ የባሰ ሕልም ማን አይቷል?

በመጨረሻ ፋርግ ነገሩ አላማረውም። ትክክለኛውን ምልክት ሳያገኝ መሳብ ጀመረ፤ ቢሳሳት የሚጠብቀው ወቀሳ ብቻ ነው። ሁለቱም በሕይወት ወጡ። ኋላ የቀረውን አየር ሲያስመረምሩ፣ አየሩን የሚያምቀው ሞተር የገዛ ጭሱን ስቦ ጠርሙሶቹን በካርቦን ሞኖክሳይድ መርዟቸው ተገኘ። እንግዲህ ያሰከራቸው ጥልቀቱ ብቻ አልነበረም። እታች ሆነው ይህን ከዚያ ሊለዩ አይችሉም ነበር፤ ለመለየት የሚጠቅመው ነገር ነው መጀመሪያ የተመረዘው። ላይ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ሞተሩም ስለ መርዙም አንዳች አላወቀም፤ ግን ንጹሕ አየር ይተነፍስ ነበርና በቃው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ተጠራጠርሁ። «አንተ ሰክረሃል፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ አንተ እኔ ልወስን» የሚለውን ቃል እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በአገራችን ከ1974ቱ አብዮት በኋላ «ሕዝቡ ገና አልነቃም» ያላለ ወገን ማን ነበር? የነቃው ላልነቃው አሰበለት፤ አስቦለትም ወደ ጉድጓድ አወረደው። በየመንደሩ ገመድ የያዘ ሰው ነበረ። በዚህ መጠለያ ካሉት ብዙዎቹ እዚህ የደረሱት ከእንዲህ ያሉ ገመድ ያዦች ሲያመልጡ ነው። ስለዚህ «ገመዱን ለጤነኛው ስጡ» ብዬ ብቻ ብተው ይህን ወረቀት ቀዳችሁ ብትጥሉት አይፈረድባችሁም።

ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የፋርግን ገመድ ያሰሩት ኩስቶና ዱማ ራሳቸው ናቸው፤ መሬት ላይ ሆነው፣ በሙሉ አእምሮአቸው፣ ለዚያች አንዲት ውረድ። ሲወጡ ገመዱ ይፈታል፤ ፋርግ በማግሥቱ ከተማ ውስጥ ሊስባቸው መብት የለውም። ደግሞም ሥልጣኑ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ወደ ታች የሚገፋ ገመድ ያዥ የለም፤ ካለ ስሙ ሌላ ነው። ያልታሰረበትን ሰው የሚስብ፣ ከውረዱ በኋላ ገመዱን የማይፈታ፣ ወይም ለሰውዬው ጥቅም ብሎ ወደ ጥልቁ የሚሰድ ሁሉ ከፋርግ ጋር አይቆጠርም። ሦስቱንም በአንድ ላይ የሠሩብንን እናውቃለን።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። ሌሊት ሌሊት ደላሎች ሲመጡ ልቡ ይሸፍትበታል፤ በእንቅልፍ ማጣትና በተስፋ መቁረጥ ላይ የሚነገር የባሕር ማዶ ወሬ ምን እንደሚያደርግ ያየ ያውቃል። ይህ ልጅ በየምሽቱ ጫማውን ለድንኳን ጓደኛው ይሰጥ ነበር። «ከመሸ በኋላ ብጠይቅህ አትስጠኝ፤ ሲነጋ ብጠይቅህ ስጠኝ» አለው። አንድ ሌሊት ጠየቀ። ጓደኛው ከለከለው፤ ተሰደበ፤ እናቱ ሳትቀር ተሰደበች፤ ግን አልሰጠም። ሲነጋ ልጁ ጫማውን ተቀብሎ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ በጠዋት፣ ፊቱን ታጥቦ፣ በጸጥታ ጠየቀው። ጓደኛው ሰጠው፤ ልጁም ሄደ። ጓደኛው ልክ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ። ይህን ስነግረው ግን ምንም አልመለሰልኝም።

ወንድማችን በሚቀጥለው ዕትም «ገመድ ያዡስ የማይሰክር ነው ወይ?» ብሎ እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ፤ መብቱ ነው። ሕጉን የጻፈው ሼክ ኤክስሊ ራሱ በ1994 በሜክሲኮ ዛካቶን በሚባል ከ300 ሜትር በላይ በሚጠልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሞተ፤ ገመዱ በሰውነቱ ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ። ምን እንደ ነካው በእርግጥ የሚናገር የለም። ሞሪስ ፋርግም በ1947፣ ሁለቱን ጓደኞቹን ስቦ ካወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሰው በተራ አየር ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል ለመፈተን በቱሎን አጠገብ ባሕር ገባ። በዚህ ጊዜ እታች ያለው እርሱ ነው፤ ገመዱን የያዙት ሌሎቹ። በገመዱ ላይ በየርቀቱ ትንንሽ ሰሌዳዎች ታስረው ነበር፤ የደረሰበትን ጥልቀት ለማስመስከር በእያንዳንዱ ላይ እንዲፈርም። እየጎተተ «ደኅና ነኝ» የሚል ምልክት ይልክ ነበር፤ ከዚያ ምልክቱ ቀረ። ወዲያው ሳቡት። የአየር ቧንቧው ከአፉ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ለብዙ ሰዓት ቢታገሉለትም አልተነሣም። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። 120 ሜትር ላይ በታሰረው ሰሌዳ ላይ ፊርማው አለ።